የቫይታሚኑ ብልቃጥ

ኻልዳ፣ ዓማን
እሑድ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሱአድዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ነሽ ብዬ እንዳልጀምር ፎቶሽን አይቼዋለሁ፤ ከስተሻል። አርባ ሕፃን ፊደል ማስቆጠር ያከሳል፣ ይገባኛል። እማስ? የግፊት ኪኒኗን እየወሰደች ነው ወይስ "ዛሬ ደህና ነኝ" እያለች ትዘለዋለች? እውነቱን ጻፊልኝ።

እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ጽፈሽ ፎቶውን የምትልኪልኝ ለምንድን ነው ብለሻል። ዓይኔ ነው። ከዒሻ ሰላት በኋላ ስልክ እንዳልነካ ተነግሮኛል። ስለዚህ ማታ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ጠዋት መዳም ልጆቹን ይዛ ስትወጣ ፎቶ አንስቼ እልከዋለሁ። አንቺም እንደዚሁ አድርጊልኝ። ድምፅ አትላኪ። ድምፅሽን ሰምቼ ስጨርስ ቤቱ ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ አይመቸኝም።

ዮርዲ ትናንት በረረች። ያቺ ስዌፍየህ ሰፈር በሰዓት የምትሠራው፣ የደሴዋ ልጅ። እዚህ አንድ ሰው አገሩ ሊገባ ነው ከተባለ የሃያ ሰው ቤት ተሸክሞ ነው የሚገባው፤ እኛም አንዳንድ ኪሎ ቦታ ለምነን ሻንጣዋን ከበብነው። እሷ የሻንጣ ሚዛኗን ይዛ እንደ ዳኛ ቆመች። ጓደኛዬ ነጃት ለልጇ የገዛችውን ጫማ ከካርቶኑ አውጥታ ውስጡን በካልሲ ስትጠቀጥቅ ዮርዲ አይታት፣ "እግሩንም ጨምሪበትና ላድርሰው" አለቻት። ሳቅን። የእኔ አንድ ኪሎ ይኸው፦ ላንቺ ጥቁር ጫማ፣ ለእማ ሻሽ፣ ሻሹ ውስጥ የተጠቀለለ የቫይታሚን ብልቃጥ። ፎቶውን የላክሁልሽ ነው። ለአጥንቷ ይሆናታል፤ ጠዋት ጠዋት አንድ። ዮርዲ አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ጥቂት ቀን ትቆያለች። ኮምቦልቻ ስትደርስ ቤት ታመጣላችኋለች።

ሌላ ወሬ የለም። የወይራ ወቅት ነው። ተይታ፣ የመዳም እናት፣ ወንበራቸውን ግቢ አስወጥተው ወይራ ሲያሰነጥቁኝ ዋሉ። በድንጋይ አንዴ ብቻ ነው የሚመታው፤ ፍሬው እንዲከፈት እንጂ እንዳይደቅ። ሁለቴ ከመታሁ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁኛል። ጣቴ ጠቁሯል።

እየተኛሽ ነው ወይ ላልሽው፣ እተኛለሁ።

እህትሽ ዘሊኻ


ሰኞ፣ ጥቅምት 4
(ያልተላከ)

ሱአድ፣

ብልቃጡ እዚህ ነው። የእማ ብልቃጥ። መሳቢያዬን ስከፍት ተቀምጦ አየኝ።

ክዳኑን ፈታሁት። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ዘይት የያዘ ፍሬ። የእኔ ነጭ ነው። ጠፍጣፋ፣ መሃሉ ላይ መስመር ያለው። ዘጋሁት። ከፈትኩት። ቢጫ።

እንግዲህ ነጩ በሻሽ ተጠቅልሎ ሄዷል። ዮርዲ ጋ ደወልኩ፤ የዚህ አገር ስልኳ ተዘግቷል፣ የአገር ቤቱን አላውቀውም። ነጃትም አታውቀውም።

አንቺ የማታውቂውን በተራ ልጻፈው። ከረመዷን በፊት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። መጀመሪያ ጋዙ ነበር። አጥፍቼ እተኛለሁ። አጥፍቼዋለሁ? እነሳለሁ፤ ጠፍቷል። እተኛለሁ። በባዶ እግሬ አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ከዚያ የተይታ ደወል። ቁልፉ እሳቸው አልጋ ላይ ነው፣ የሚጮኸው እኔ ራስጌ ግድግዳው ላይ፤ ሳይጮህ መስማት ጀመርኩ። ከዚያ ደግሞ ምንም ምክንያት ሳይኖር ልቤ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ድስት እያጠብኩ ልቤ ዳገት እንደሮጠ ሰው መታ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የምሞት መስሎኝ ነበር፤ የፈራሁት ግን ውሃውን ሳልዘጋ እንዳልሞት ነው።

ነጃት ናት የዓርብ ዕረፍቴን ጠብቃ የወሰደችኝ። ዓርብ ዓርብ ለሠራተኞች የሚከፈት ትንሽ ክሊኒክ ነው። ዶክተሯ ስለ ሆዴም ስለ ወገቤም አልጠየቀችኝም። "ስትጋደሚ ምን ትሰሚያለሽ?" አለችኝ። እስከዚያ ቀን ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም፤ አለቀስኩ። የአእምሮ ሐኪም ናት። ነጩን ኪኒን የሰጠችኝ እሷ ናት፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ። ከዒሻ በኋላ ስልክ የለም። የሚመጣው ሐሳብ ወረቀት ላይ። በራስሽ ፈቃድ እንዳታቋርጪ። በስድስተኛው ሳምንት ጋዙን አንድ ጊዜ ብቻ አይቼ ተኛሁ።

ቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ለምን ከተትኩት? አምና ኡም ኡዘይና ሰፈር የነበረች ልጅ እንዲህ ያለ መድኃኒት ክፍሏ ውስጥ ተገኘባት። ወደ መክተቡ፣ ወደ አስቀጣሪው ቢሮ መለሷት፤ ከቢሮው ወደ ኤርፖርት። የእኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ኅዳር ላይ ያበቃል። እዚህ አገር ሁሉም ሰው ቫይታሚን ይውጣል፤ የቫይታሚን ብልቃጥ ማንም አይከፍትም። ሁለት አንድ ዓይነት ገዛሁ። አንዱን ገልብጬ የእኔን ሞላሁበት፤ እንዳይንኳኳ የካልሲ ቁራጭ ጠቀጠቅሁበት። ሻሹን ስጠቀልል ተይታ ደወሉ። መብራት ሳላበራ እጄ ያገኘውን ጠቅልዬ ሄድኩ።

እማ የግፊት ኪኒን ትወስዳለች። ሁለቱ አንድ ላይ ምን ያደርጋሉ?

እብድ አይደለሁም። ጽፌ አየሁት። እብድ ያልሆነ ሰው ይህን ይጽፋል?

ይህን አልልከውም። ዮርዲ ገና አዲስ አበባ ናት፤ ጊዜ አለ። ሌላ እጽፋለሁ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሱአድዬ፣

አጭር ናት። ለእማ የላክሁት ቫይታሚን ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ተገኘ። ዮርዲ ስትመጣ እማ እጅ ሳይገባ አንቺ ተቀበያትና ከላይኛው መደርደሪያ አስቀምጪው። አትክፈቺው። እንዳትጥይውም። ሌላ እልካለሁ።

ጫማው ከጠበበሽ ንገሪኝ።

ዘሊኻ


ኮምቦልቻ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

እህት ዓለሜ፣

ወረቀት ካልሽ አይቀር ከተማሪ ደብተር ቀድጄ ነው የምጽፍልሽ። ጀርባው ላይ ያለውን ሥዕል ተመልከችው፤ የሣለው ልጅ ዳክዬ ነው ይላል፣ እኔ ግን ተጠራጥሬያለሁ። ዮርዲ ገና አልመጣችም። እማ ግን ለሰፈሩ አውርታ ጨርሳለች፤ "የአጥንት መድኃኒቴ በአውሮፕላን እየመጣ ነው" ትላለች፣ አውሮፕላኑን እኛ የተከራየነው ይመስል። የግፊቱን ኪኒን ፊቷ ቆሜ ነው የማስውጣት፤ አትስጊ።

አሁን ወደ ቫይታሚኑ። የላክሽልኝን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። ጊዜው የሚያልፈው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዘሊ፣ አስተማሪ ነኝ። ደብተሬን ጥጃ በላብኝ የሚለኝ ልጅ በየሳምንቱ አለ፤ ከአንቺ ይልቅ እሱ ይችልበታል። ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ለምን አልጥለውም? ልታስቀምጪው የፈለግሽው ምንድን ነው?

የብልቃጡን ነገር ለእማ አላነሳሁም። ምስጢርሽን ጠብቄያለሁ፤ አንቺም አንድ ነገር ጠብቂልኝ። ወፈርኩ ብትይኝ፣ ከሳሁ ብትይኝ፣ ተጣላሁ ብትይኝ አምንሻለሁ። "እተኛለሁ" ብለሽ ብቻዋን ባስቀመጥሻት መስመር ግን አላምንሽም። ማንም የሚተኛ ሰው እንዲህ አጭር አድርጎ አይጽፈውም።

ሱአድ


ኻልዳ
ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ሱአድዬ፣

ግመል ነው። አንገቱን እይው። ልጁ ዳክዬ ካለ ግን ዳክዬ ነው፤ አትከራከሪው።

ስለ ብልቃጡ አትጠይቂኝ። ካሳደግሁሽ ጀምሮ አንድ ነገር ለምኜሽ አላውቅም፤ አሁን እየለመንኩሽ ነው። ተቀበይው፣ አስቀምጪው፣ በቃ።

ዛሬ ከነጃት ጋር የምንሄድበት ቦታ ነበረን፤ ተዘግቶ አገኘነው። የሚቀጥለው ዓርብ ይከፈታል የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል። ስዌፍየህ ወርደን ሦስት መድኃኒት ቤት ገባን፤ ያለ ሐኪም ወረቀት አይሆንም አሉን። ለጉንፋን ነው። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጄ መንቀጥቀጡን አላቆም አለኝ። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶ ነጃትን ምን ሆና ነው አላት። "አሩስ ናት" አለችው፣ ሙሽራ ናት፣ ሠርጓን ፈርታ ነው። ሰውዬው እስከ ኻልዳ ድረስ ሲመርቀኝ መጣ። ወንድ ልጅ እንዲሰጠኝ፣ ባሌ ቸር እንዲሆን፣ አማቴ ሩቅ አገር እንድትኖር። ስንወርድ ነጃት፣ "በይ እንግዲህ፣ ባል መፈለግ ነው የቀረሽ" አለችኝ። እጄን ግን በሩ ድረስ አልለቀቀችውም።

ጽሕፈቴ ከተበላሸ ብርድ ነው። እዚህ ማታ ማታ መቀዝቀዝ ጀምሯል።

ትናንት ተይታ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ አገኙኝ። ለራሳቸው ነበር የመጡት፣ ውሃ ፈልገው። ደወሉን ለምን አልደወሉም አልኳቸው። ባቡንጅ፣ ያን የደረቀ ቢጫ አበባ፣ ራሳቸው አፍልተው ሰጡኝ። ቁጭ ብዬ ጠጣሁ፤ እሳቸው ቆመው። በስድስት ዓመት እሳቸው ቆመው እኔ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ጋዙን ያጠፉት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ሄጄ ማየት ነበረብኝ። አየሁት። ጠፍቷል።

ዮርዲ ስትመጣ ወዲያው ጻፊልኝ።

ዘሊኻ


ኮምቦልቻ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዘሊ፣

ዮርዲ ቅዳሜ መጥታለች። እኔ አልነበርኩም፤ የሥራ ባልደረባዬ አባት ሞተውባት ሐርቡ ለቅሶ ሄጄ ትናንት ማታ ነው የገባሁት። ዕቃውን የተቀበለችው እማ ራሷ ናት። ሻሹን አድርጋዋለች። ጫማዬን አልጋዬ ላይ አስቀምጣልኛለች። ብልቃጡን ግን ስጠይቃት፣ "የእኔ ነው፣ አንቺን ምን አገባሽ" አለችኝ። ዘሊኻ እንዳትወስጂ ብላለች አልኳት። "ከላከችው በኋላ?" አለች። አንሶላ ሥር፣ ሳጥን ውስጥ፣ ዱቄት ዕቃው ውስጥ ሁሉ ፈለግሁ። የለም። በመቀነቷ ይዛው የምትዞር ይመስለኛል።

ከቅዳሜ ጀምሮ ማታ ማታ እየዋጥኩ ነው ትላለች። ጠዋት ነው የሚወሰደው ብያት ነበር። "ይህ የማታ ነው" አለችኝ። ከየት እንዳመጣችው አልገባኝም። ጎረቤታችን ዘይነባ እንደነገረችኝ እሑድ ዕለት ፈጅር ሰላቷ አልፏት ረፋድ ላይ ነው የነቃችው፤ በሩን ደብድበው ነው ያስነሷት። እማን። ዶሮ የምትቀሰቅሰው እማን።

ለጉንፋን ወረቀት የሚጠይቅ መድኃኒት ቤት አላውቅም። ጽሕፈትሽም የብርድ አይደለም። የበረደው ልጅ ፊደሉን ያሳንሳል እንጂ መስመር አይለቅም።

ምንድን ነው የላክሽልን? ለራሴ አይደለም የምጠይቅሽ። ዛሬ ማታም ልትውጥ ነው።

ሱአድ


ኻልዳ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ማታ

ሱአድ፣

አራት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ መስመሩ አይገባም። ስለዚህ እየጻፍኩ ነው። ስልኬን ዛሬ አልዘጋም። ሳሎን እንግዳ አለ፣ ሻይ ይጠሩኛል፤ መሃል ላይ ብቆም ለዚያ ነው።

ኪኒኑን አሁኑኑ ውሰጂባት። በልመናም፣ በኃይልም። ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃት። የመድኃኒቱን ስም ከታች በትልቁ ጽፌዋለሁ፤ ከግፊቷ ኪኒን ጋር አሳያቸው። አፍረሽ እንዳትደብቂው። እህቴ የምትወስደው የአእምሮ መድኃኒት ነው፣ በስህተት ነው የመጣው በያቸው። ቃሉን እንዳለ ተናገሪው።

ሌላውን አብሬ የላክሁት ደብዳቤ ይነግርሻል። ጥቅምት 4 የጻፍኩት ነው። ያን ቀን መላክ ነበረብኝ። ዮርዲ አዲስ አበባ ናት ብዬ፣ ጊዜ አለ ብዬ፣ ስምንት ቀን ስሜን ስጠብቅ ከረምኩ። ከእማ ይልቅ ስሜን። ሌላው ሁሉ ቢያልፍልኝ ይህ አያልፍልኝም።

ለማንም ንገሪ። ለዘይነባም ንገሪ፣ ለሰፈሩም ንገሪ። ብቻ አትዋጥ።

ጠሩኝ።

ተመልሻለሁ። ስኳር ረስቼ ነበር። መዳም አየችኝ።

መልስሽ በማንኛውም ሰዓት ይምጣ። ነቅቻለሁ። መንቃቱንስ እችልበታለሁ።

ዘሊኻ


ኮምቦልቻ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ዘሊ፣

እማ ደህና ናት። ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢ።

ሌሊት በመልእክት ያልኩሽን አሁን በወረቀት ላስፍረው። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እማ ተኝታ ነበር፣ ስነካት ወዲያው ነቃች። አልዋጠችም። ዛሬም፣ ትናንትም። የዋጠችው ቅዳሜ ዕለት አንድ ብቻ ነው። ብልቃጡን ሳልጠይቃት ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ፣ ነገሩ ሁሉ እንዳለቀ ዓይነት። ለምን ዋሸሽኝ ብላት፣ "መልሱ የዘሊኻ ነው፣ ትጽፊልኛለሽ" አለች። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጤና መኮንኑ ሀብታሙ ይባላል፣ ደህና ልጅ ነው። ግፊቷን ለካ፣ ልቧን አዳመጠ፣ ያልሽኝን ስም አነበበ። አንዷ ከሰውነቷ ወጥታለች፣ ዳግም እንዳትነኪው አላት። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የእህቴ መድኃኒት ነው ስለው፣ እሱ በተለመደው ድምፁ፣ "እሷስ ያለ መድኃኒት ስንት ቀን ቆየች?" ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ ስለ እናቴ ሲያስብ እሱ ስላንቺ አሰበ። ከዓርብ አታሳልፊ ብሏል።

ተቆጥቻለሁ። አንቺ በባዶ እግርሽ ጋዝ ስታዪ እኔ የጫማ ቁጥሬን እጽፍልሽ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ "ደህና ነኝ" ስትዪኝ የፈተና ወረቀት እንደሚያርም ሰው ላይ ላዩን አንብቤ አሳለፍኩሽ። አንድም ቀን ቆሜ አላየሁም።

የጥቅምት 4ቱን ደብዳቤ በወረቀት አሳትሜ አነበብኩት። "እብድ አይደለሁም" ያልሽው ጋ ስደርስ እጄ ቀይ እስክሪብቶ አነሳና የራይት ምልክት አደረገበት። ልማድ ነው።

ጫማው ልክ ነው።

ሱአድ


ኮምቦልቻ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

(ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ተናጋሪዋ እማ ናት። ያለችውን እንዳለ እንድጽፍ ወላሂ አስብላኛለች። — ሱአድ)

ዘሊኻ፣ ልጄ፣

አላህ ልብሽን ያሳርፈው። ሻሹ ቆንጆ ነው፣ ቀለሙ ግን የወጣት ነው፤ ለብሼዋለሁ።

ሻሹን ስፈታው ብልቃጡ ወደቀ። ቫይታሚን ነው ብላ ያቺ ዮርዲ ነገረችኝ። ከፈትኩት። ካልሲ። የካልሲ ቁራጭ አፉ ላይ ተጠቅጥቋል። ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ፋብሪካ ግን ካልሲ እንደማያስገባ አውቃለሁ። ኪኒን እንዳይንኳኳ ጨርቅ የሚጠቀጥቅ የሚደበቅ ሰው ነው። አንቺ ልጅ ሆነሽም ሳንቲምሽን በጨርቅ ጠቅልለሽ ነበር የምታስቀምጪ፣ ወንድምሽ ያሲን ድምፁን ሰምቶ እንዳይወስድብሽ። አወቅሁ። ይህ ለእኔ የተላከ አይደለም አልኩ።

አንዱን ለምን ዋጥሽው ትይኝ ይሆናል። ልጄ የምትውጠው ምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው። ጣለኝ። ፈጅር አለፈኝ። ስነቃ ፀሐይ እግሬ ላይ ነበረች። ተቀምጬ አሰብኩ። ለእኔ እንዲህ የከበደ እንቅልፍ፣ ልጄ በየማታው ሰው አገር ሆና ካስፈለጋት፣ ምን ያህል ነቅታ ኖራለች ማለት ነው?

ሱአድ ስትመጣ ግን አልነገርኳትም። ብነግራት ለአንቺ ትጽፍልሻለች፣ አንቺም ሌላ ወሬ ታመጫለሽ። ጉንፋን ትያለሽ። ስለዚህ እየዋጥኩ ነው አልኳት። እናቷ ተመረዘች ካልተባለች ዘሊኻ አትናገርም አልኩ። ክፉ ሥራ ነው፤ አስደነገጥኩሽ። ዐውፍ በይኝ። ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

አሁን እኔም ልንገርሽ፤ ሱአድም ይህን አታውቀውም። አንቺ የሄድሽ ጊዜ ሁለት ረመዷን ሙሉ አልተኛሁም። ታጥቦ ያደረ ሰሃን አውጥቼ አጥብ ነበር። ደርቆ የተቀመጠውን። አጥቤ፣ አድርቄ፣ መልሼ፣ ደግሞ አወጣ ነበር። ሰው ከሰማ ጂን ይዟታል ይላል ብዬ ዝም አልኩ። ሱአድ አትሰማም፣ እንቅልፏ እንደ ድንጋይ ነው።

(እሰማ ነበር። — ሱአድ)

ትሰማ ነበር አሉ። እንግዲህ ሦስታችንም አንዳችን ከሌላችን ስንደባበቅ ነው የኖርነው።

ያኔ እንዲህ ያለ ነጭ ኪኒን የሚሰጠኝ ሰው ቢኖር እውጠው ነበር። አንቺ ሰጪ አግኝተሻል። ዋጪው። በውሃ ዋጪው፣ በሻይ አይሁን። ያን ካልሲ ደግሞ አውጪው፤ ይንኳኳ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በስንት ሰዓት ነው የሚዋጠው? የናንተና የኛ ሰዓት አንድ ነው ብላኛለች ሱአድ። ሰዓቱን ንገሪኝ። እኔም በዚያው ሰዓት መብራቴን አጠፋለሁ።

እናትሽ ጣይቱ


ኻልዳ
እሑድ፣ ጥቅምት 17

እማ፣ ሱአድ፣

ይህን ለሁለታችሁም ነው የምጽፈው። ሱአድ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፣ የምታልፊው እንዳይኖር።

ዓርብ ክሊኒኩ ተከፍቶ ነበር። ለዶክተሯ ሁሉንም ነገርኳት። ካልሲው ጋ ስደርስ ሳቀች፤ እማ አንዱን መዋጧ ጋ ስደርስ ግን አልሳቀችም፣ የጤና ጣቢያውን መልስ ደግማ አስነገረችኝ። ኪኒኑን እንደገና በግማሽ አስጀምራኛለች። ትንሽ ቀን ይፈጃል፣ ይህ ሳምንት ከባድ ነው፣ ማክሰኞና ረቡዕን ብቻ እለፊልኝ አለች። ሙሉ ሳምንት ብትለኝ እፈራ ነበር። ሁለት ቀን እችላለሁ። አሁን መድኃኒቱ በራሱ ካርቶን ነው፤ ስሜ ተጽፎበታል። ከአልጋዬ አጠገብ አስቀመጥኩት። አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አወጣሁት። አሁን ውጭ ነው።

ለመዳም ነገርኳት። ዶክተሯ የጻፈችልኝን ወረቀት ሰጠኋት፤ ወጥ ቤት ቆማ አነበበችው፣ እስከ መጨረሻው፣ ሁለት ጊዜ መሰለኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። "እናቴ ብትደውል ትሰሚያለሽ?" አለችኝ። እሰማለሁ ልል ነበር። ለስድስት ዓመት የምመልሰው መልስ ነው፤ አፌ ላይ ነበር። "እስከ ዛሬ የሰማሁት ስለማልተኛ ነው። ከተኛሁ አላውቅም" አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ትናንት ማታ ክፍሌ መጣች። በር ታንኳኳለች ብዬ አላስብም ነበር፣ አንኳኳች። ራስጌዬ ግድግዳ ላይ ያለውን ደወል ነቀለችው፤ ሽቦውን እጇ ላይ ጠቀለለችና ይዛው ወደ ላይ፣ ወደ ራሷ መኝታ ክፍል ወጣች። ግድግዳው ላይ ደወሉ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም። ሌላ ሠራተኛ ልታመጣ ይሆናል። እኔ እንድተኛ ይሆናል። ነጃትን ጠየቅኋት፤ "ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ እስኪታወቅ ድረስ ግን ተኚበት" አለችኝ። ኢቃማዬ ኅዳር ላይ ነው። ያኔ እናውቃለን።

ዛሬ ጠዋት ተይታ ወይራውን አስቀመሱኝ። ገና መራራ ነው። ውሃውን እየቀየርን እንጠብቃለን።

እማ፣ ዐውፍ ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ብዙ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ እጄ ዛሬም መስመር ይለቃል፣ ሱአድ ታርመዋለች። ጋዙን አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ምናልባት ሁለት። ይህች ወረቀት እንደ ሌሎቹ እስከ ጠዋት አትቆይም፤ ዶክተሯን አስፈቅጄ ነው፣ ለዛሬ ብቻ። አሁን ፎቶ አንስቼ እልካትና ስልኩን እዘጋለሁ።

ሰዓቱን ጠይቀሽኛል። ሦስት ሰዓት ነው፣ እማ። አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ውሃው እጄ ላይ ነው።

መብራትሽን አጥፊ።

ዘሊኻ